ለግራዝማች የመረጥኩት ሌንስ

ሌላ ሰው ልጅ ሲጠይቅ ሽማግሌ ይልካል። እኔም ልኬ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቼ ጥሩ ጠጅ ጠጥተው፣ በወጉ ተሸኝተው፣ «እስቲ እንመካከርበት» የምትል መልስ ይዘው ተመለሱ። እንመካከርበት ማለት አይሆንም ማለት መሆኑን ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልግም። በሦስተኛው ላይ ግን ቴሌስኮፕ ላክሁ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው፤ አብዛኛው ጥፋት የራሴ መሆኑንም ከወዲሁ አልደብቃችሁም።

ዘመኑ፣ ሰው ጨረቃን ረገጠ ተብሎ በራዲዮ በተነገረ በሁለተኛው ዓመት ግድም ነው። ኮልፌ ያኔ ግማሿ ከተማ፣ ግማሿ ባሕር ዛፍ ነበረች። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ፤ ኮልፌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የሺን ያገኘኋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። እሷ ከታይፕ ትምህርት ስትመለስ፣ እኔ ከሥራ ስመለስ፣ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አውቶቡስ ጠበቅን። አውቶቡሱ በቀረ ቁጥር ሌላው ተሳፋሪ ይራገማል፣ እኛ እንመርቃለን።

ችግሩ የሺ የግራዝማች ድልነሳው ልጅ መሆኗ ነበር። ግራዝማች በሰፈራችን ሰፊ መሬት፣ ሰፊ ግቢና ከሁለቱም የሚሰፋ ክብር ነበራቸው። ስለኔ ሲነገራቸው ያሉትን የሺ ሳትቀንስ አምጥታልኛለች። «የሰው ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው፣ የራሱ ምን አለው?» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። የነበረኝ አንድ አልጋ፣ ካልተመታ የማይናገር አንድ ራዲዮና አንድ ቴሌስኮፕ ነው።

ቴሌስኮፕ ከየት አመጣህ አትሉኝም? የማታ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን አንድ ፈረንጅ ወዳገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለተማሪዎቹ አደለ። ጎበዞቹ መዝገበ ቃላትና ካፖርት ወሰዱ። እኔ እንደ ልማዴ መጨረሻ ደርሼ የተረፈውን ነጭ ቱቦ ተሸክሜ ሄድኩ። ቱቦው ከታች፣ ከሆዱ ውስጥ፣ የሻይ ሲኒ አፍ የምታህል መስታወት አለችው። የሚታየው ግን ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከአፉ አጠገብ፣ በጎን በኩል ነው። እዚያ ላይ ዓይን የሚጠጋባት አንዲት ትንሽ ሌንስ ትሰካለች። ነገሬ እንግዲህ ስለዚህች ሌንስ ነው። ቱቦው ያው ቱቦ ነው፤ ጨረቃን በጣም ወይም በመጠኑ የሚያቀርባት የምትሰካው ሌንስ ናት፤ ስለዚህ እንደ አስፈላጊነቱ ትቀያየራለች። እኔ ጋ የነበረችው አንዲት ብቻ ነች፤ ወገቧ ላይ «25» የሚል ተቀርጾባታል። በሷ ሳይ ጨረቃ ጉድጓዷ፣ ተራራዋ፣ ጥላዋ ሁሉ ፍንትው ይል ነበር። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ወግ አይኖርም።

ወሬው በየሺ በኩል ግራዝማች ጆሮ ገባ። ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ የሚለውን ነገር ግራዝማች ከሰሙበት ቀን ጀምሮ አላመኑትም፤ ያለፈቃድ የሰው መሬት እንደመግባት ነው የቆጠሩት። «እንግዲያው ይምጣና ያሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለሌላው ነገር እንነጋገራለን» ብለው ላኩብኝ። እኔ «ስለሌላው ነገር» የምትለዋን ቃል ይዤ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ሌላው ነገር የሺ ናት።

የሽማግሌዎቼ መሪ አለቃዬ አቶ ካሣሁን ነበሩ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ናቸው። ፋይል ሲደረድሩ እንኳ የሚኒስትር ደብዳቤ ከተራ ሰው ማመልከቻ ጋር እንዳይነካካ መሐል ላይ ባዶ ወረቀት የሚያስገቡ ሰው ናቸው። ቴሌስኮፑን ለመመርመር ቤቴ ድረስ መጡ፤ ዞሩት፣ አንኳኩት፣ ከዚያ ጠየቁኝ።

«በዚህች ነው የሚታየው?»

«አዎ፣ አቶ ካሣሁን።»

«ግራዝማች ካዩ በኋላ ሌላውም ሰው በዚህችው ሊያይ ነው? ዘበኛውም?»

«ሁሉም በሷው ነው የሚያየው።»

አቶ ካሣሁን አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ልታገባ ነው ወይስ ልትሰደብ? በዚያ ቤት ለግራዝማች ብርሌ አለ፣ ለእንግዳ ብርጭቆ አለ፣ ለሠራተኛ ጣሳ አለ። ጨረቃን ግን ጌታና ዘበኛ በአንድ ዕቃ ይጠጧት ትላለህ?»

አያችሁ፣ ይህ ለኔ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። እሳቸው እንደዚያ ሲሉት ግን ጉዳዩ እንደ ፀሐይ በራልኝ፤ እንዲያውም ፈረንጁ አስተማሪ ለማዕረግ ሳያስብ አንዲት ሌንስ ብቻ ይዞ መዞሩ ነውር መሰለኝ። ወዲያው ተስማማን። ሦስት ሌንስ ያስፈልጋል፤ ለሠራተኛው ያለችው፣ ለእንግዳው ሻል ያለች፣ ለግራዝማች ከሁሉም የምትበልጥ።

በማግስቱ ሰይቼንቶ ታክሲ ተሳፍሬ ፒያሳ ወጣሁ። ሰዓትና መነጽር የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ሱቁ ውስጥ የቆመ ሰዓት እንጂ የሚሄድ ሰዓት አይቼ አላውቅም፤ ያም ሆኖ ሰውየው የሚያውቀውን ያውቃል። የቴሌስኮፕ ሌንስ ስለው ከመሳቢያው ጥግ ሁለት አወጣ። አንዷ «12»፣ አንዷ «4» ትላለች።

«ሃያ አምስት አለኝ፤ ከሷ የምትበልጥ ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ይቺ ትበልጣለች» ብሎ አራቷን አነሳ። በዚህች ዕቃ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበቱ እንደሚጨምር አስረዳኝ። ሃያ አምስቷ ጨረቃን ሠላሳ እጥፍ ያህል ብታቀርብ፣ አራቷ ወደ ሁለት መቶ እጥፍ ታቀርባለች። ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀጠለና የቴሌስኮፔ መስታወት ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በጣቶቼ ክብ ሠርቼ አሳየሁት። ሳቀ።

«ትንሽ መስታወት፣ ትንሽ ብርሃን። አራት ትሰካለህ፣ ጨለማ ታያለህ። ስዕሉ ይሰፋል፣ ብርሃኑ ያልቃል። አሥራ ሁለት ውሰድ፣ በቃ።»

«ለግራዝማች ነው» አልኩት።

«ጨረቃ ግራዝማች አታውቅም፣ ሲኞር።»

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት አገራችን ኖሮ አገራችንን ሳያውቃት ቀረ ብዬ አዘንኩለት። ሁለቱንም ገዝቼ ወጣሁ።

ቤቴ ደርሼ በቀን ብርሃን ሞከርኳቸው። ቱቦውን ማዶ ወዳለው ባሕር ዛፍ አነጣጠርኩ። በሃያ አምስቷ ቅጠሎቹ ተገልብጠው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ መገልበጡ የዕቃው ጠባይ ነው። በአሥራ ሁለቷ ቅርንጫፉ ላይ ያለው ጉንዳን ይታያል። በአራቷ የታየኝ ግን እጣቢ ነው። ሌንሷን በሸሚዜ ጠረግኳት፤ የተጣራ እጣቢ ታየኝ። ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ ዓይን የተሠራች ስላልሆነች ይሆናል፣ የግራዝማች ዓይን ሲጠጋት ትከፈታለች ብዬ ደመደምኩ። ይህን ስነግራችሁ አሁንም አፍራለሁ፤ ግን ያኔ ከልቤ አምኜዋለሁ።

ቀኑ እሑድ ሆነ፣ ሰዓቱ ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ለዓይን በሚያያዝበት ሰዓት። ጨረቃዋ ግማሽ እንድትሆን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በግማሽነቷ ጊዜ ጥላው ስለሚረዝም ጉድጓዶቿ ይጎላሉ። ግራዝማች ቀና ብለው አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ለኔ ግማሽ ነው የምታቀርበው?» አሉኝ። ሙሉዋን ለሠርጉ አቆይቻት ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሺ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

የግራዝማች ቤት በረንዳ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ ነው፤ ቱቦውን መሐሉ ላይ አቁሜዋለሁ። የግራዝማች እህት እትዬ ዘነበች ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አቶ ካሣሁን ከጎናቸው ናቸው። ዘበኛው ጋሼ ቱፋ ካፖርታቸውን ቆልፈው ከሌሎቹ የቤቱ ሠራተኞች ጋር ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ሦስቱ ሌንሶች በትሪ ላይ፣ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎላቸው፣ በየተራቸው ተቀምጠዋል፤ ይህ የአቶ ካሣሁን ሥራ ነው።

ግራዝማች ትሪውን ተመለከቱ። ሃያ አምስቷ ትልቅ፣ ከባድ፣ ብረቷ የሚያብረቀርቅ፣ መስታወቷ የሽልንግ ያህል የሰፋ ናት። አራቷ ቀጭን፣ ቀዳዳዋም የምስር ፍሬ የምታህል ነች።

«ይቺ ላይ የተጻፈው ስንት ነው?»

«ሃያ አምስት፣ ግራዝማች።»

«ያቺስ?»

«አራት።»

ሃያ አምስቷን አንስተው በመዳፋቸው መዘኗት፣ ደስ አለቻቸው። «እንግዲያው የኔ ይቺ ናታ!» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ! ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ዝም ማለት ያለበት ደቂቃ ይመጣለታል፤ የኔ ያች ነበረች። ግን ተምሬያለሁ፣ ፒያሳ ወጥቻለሁ፣ አውቃለሁ። «የለም፣ የለም ግራዝማች፣ ያቺ የሠራተኞቹ ናት። ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚበልጠው» አልኩና ከመዳፋቸው ወሰድኩባቸው።

«ሲያንስ የሚበልጥበት አገር የት ነው?» አሉኝ።

ማልኩላቸው። አቶ ካሣሁንም ማሉልኝ። በሁለት ሰው መሐላ ጨረቃን ከግራዝማች እጅ ቀምተን አራቷን ሰካንላቸው።

ግራዝማች ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ወጉ ነው። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ሲነሣ ጣውላው ተናጠ፣ ጣውላው ሲናጥ ቱቦው ተናጠ። በሃያ አምስቷ ቢሆን ጨረቃ ትንሽ ትወዛወዝና ትረጋለች። በአራቷ ግን የሰው ትንፋሽ እንኳ ይበቃል፤ ስዕሉ ከዳር ዳር ይፈነጠራል። ጨረቃም ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። በብርቱ ሌንስ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሳትቆይ ሾልካ ትወጣለች። ግራዝማች ካባቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሦስት እርምጃ በዝግታ ተራምደው ሲደርሱ ጨረቃ በቦታዋ አልነበረችም። በዚያ ላይ መነጽራቸው ሌንሷን እየነካ ዓይናቸውን አላስጠጋ አለ። መነጽርዎን ያውልቁ የሚል ወንድ ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

ብዙ ቆዩ። ሁላችንም እንደቆምን ነን።

«እህ» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት ነች፣ ግራዝማች?» አሉ አቶ ካሣሁን።

«ጸጥ ያለ ነው። ሰላም ነው እዚያ።»

ተቀመጡ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ቀጥሎ አሥራ ሁለቷን ሰካሁ፤ እትዬ ዘነበች ቀረቡ። ወዲያው «በስመ አብ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጉድጓዱ! ጉድጓዱን አላየህም፣ ወንድሜ? መሐል ላይ ያለውን፣ ጉብታ ያለበትን?»

«አይቻለሁ» አሉ ግራዝማች።

«ስንት ቆጠርክ?»

«መቁጠሩን ለናንተ ትቼዋለሁ።»

አቶ ካሣሁንም አዩ፣ አደነቁ። የሺ ተራዋ ሲደርስ «እኔስ በጋሼ ቱፋ ሌንስ ነው የማየው» ብላ ሃያ አምስቷን ከትሪው አነሳች። አባቷ ተቆጧት፤ እሷ ግን ሰክታ አይታ፣ ለኔ ብቻ የገባኝን ፈገግታ ፈገግ ብላ ለጋሼ ቱፋ ለቀቀችላቸው።

ዘበኛ ሲራመድ ማንም አይነሣም። ወለሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አስጠጉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመስማት ግራዝማች ባይኖሩ ምን ነበረበት!

«ኧረ ጉድ!» አሉ ጋሼ ቱፋ። «ኧረ ምንድን ነው ይሄ? ቆላ አለ፣ ደጋ አለ፣ ገደል አለ! እዚያ ጋ ተራራው ጫፉ ብቻ በርቶ ሥሩ ጨለማ ነው። ልክ ወጨጫ ተራራ ጧት ፀሐይ ሲያርፍበት! ይሄ ሁሉ ቦታ የማን ነው?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ፤ እትዬ ዘነበች አጨበጨቡ። ግራዝማች ተነሡ፤ ሁሉም ተነሣ፤ ጣውላው ተናጠ። «እስቲ አንዴ ልድገም» አሉ። አራቷን መልሼ ሰካሁላቸው። ደግመው ጸጥታ አዩ። ሦስተኛም ጊዜ ሞከሩ፤ አሁን ጸጥታው እሳቸውንም እኔንም ያስፈራን ጀመር። አንገታቸው ላይ ላብ አየሁ። እኔም የጣሊያኑ ሳቅ ትዝ አለኝ። የሺን የማጣት ፍርሃት እንደዚያ ቀን በርትቶብኝ አያውቅም።

እራት ቀርቧል ሲባል እንግዶቹ ገቡ። ግራዝማች «እኔ ዕቃው እንዴት እንደሚታጠፍ ልይ» ብለው ቀሩ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ለዘበኛዬ ጨረቃ፣ ለኔ ጨለማ የምትሰጥ ሰው፣ ልጄን ምን ልትሰጣት ነው?»

«ብርቱውን የመረጥኩት ለክብርዎ ብዬ ነው» አልኩ።

«የቱፋን ሰካልኝ።»

ሰካሁ። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ማንም የለም። መነጽራቸውን አውልቀው ለኔ አስያዙኝ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። ስዕሉን የምታጠራውን ብሎን ቀስ አድርጌ አዞርኩላቸው። ወለሉ አልተናጠም፣ እሳቸው ሲነሡ የሚነሣ ሰው አልነበረምና።

«እንዴ» አሉ በሹክሹክታ። «እንዴ… ይሄ ሁሉ ዕድሜዬን እላዬ ላይ ነበረች?»

ወደድኳቸው። የኮልፌ ግማሽ የሚሰግድላቸው ሰውዬ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው። ያቺን ደቂቃ ባሰብኳት ቁጥር ዛሬም ሆዴ ይባባል። አንድ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ለዚህ ዓይነት መገረም መብቃት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ግን ቀና አሉ። መነጽራቸውን ተቀበሉኝ፤ ሲያደርጉት ግራዝማች ሆነው ተመለሱ።

«ቱፋ ይህን ነው ያየው?»

«ይህንኑ ነው።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን፣ ግራዝማች።»

«እኔ ቅድም ምንም አለማየቴን ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

«አንተ ለኔ ምኔ ነህ?»

«እስካሁን ምንም።»

«ምንም ያልሆነኝ ሰው ይህን ይዞ ከግቢዬ አይወጣም» አሉና ወደ ሳሎን ገቡ። ተከተልኳቸው። ለእስር ይሁን ለሠርግ አላወቅሁም።

ግራዝማች ቆሙ፤ ሁሉም ቆመ። «ሁለት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ልጄን ለዚህ ልጅ ሰጥቻለሁ።» እትዬ ዘነበች እልልታውን አቀለጡት። እኔ ግድግዳ ተደገፍኩ። የሺ አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ግን ይስቃል። «ሁለተኛ» አሉ ግራዝማች፣ «ብርቱ ዕቃ ለብርቱ ጉልበት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያቺን ታላቂቱን፣ ባለ አራቷን፣ ለቤቴ ሠራተኞች ለቅቄያለሁ። ለኔ ለሽማግሌው ዝቅተኛዋ ትበቃኛለች።»

አቶ ካሣሁን «ትሕትና!» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ ቱፋ መጥተው መሬት ስመው ተነሡ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ በትንሿ ያን ያህል አይተው በታላቂቱ ምን ሊያዩ እንደሆነ ያስባሉ። እራቱን እንኳ ሳይጠብቁ «አሁኑኑ አሳየኝ» ብለው እጄን ይዘው ወደ በረንዳው አወጡኝ። ሌላውም ሰው ተከተለን።

አራቷን በገዛ እጄ ሰካሁላቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አዩ። ዓይናቸውን ጠረጉና ደግሞ አዩ።

«ጠፋች» አሉ። «ቅድም የነበረችው የለችም። ምንም አይታየኝም።»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ተመለከተ። ግራዝማች በሩ ላይ ቆመው በእርጋታ ጺማቸውን ይዳብሳሉ። አጠገባቸው የሺ ናት፤ ፊቷ እንደዚያን ጊዜ በርቶ አይቼው አላውቅም። ሃያ አምስቷ እዚያው ትሪው ላይ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናት። ማንሣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ይለመዳል፣ ጋሼ ቱፋ» አልኩ። «በጣም ብርቱ ስለሆነች ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ያንን ጨለማ እንደገና በትዕግሥት ተመለከቱት፤ ቢቻላቸው ሊለምዱት ነው። እፍረት ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ። በመጨረሻ ቀና አሉና ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ሰገዱልኝ።

«እሺ፣ ጌታዬ» አሉኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ።